ታማችሁ ቤት ስትውሉ ከባድ ልቦለድ እንዴት ይነበባል? ከዝግጅት እስከ መጨረሻው ገጽ

ሐኪሙ «አስር ቀን ዕረፍት» ብሎ ሲጽፍ ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ነገር ነው፦ «በቃ፣ ያንን መጽሐፍ አሁን እጨርሰዋለሁ።» መደርደሪያ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት አቧራ የጠጣው ወፍራም ልቦለድ ይወርዳል። በሦስተኛው ቀን ገጽ 40 ላይ ተዘግቶ ትራስ ሥር ይገኛል። በአስረኛው ቀን ወደ መደርደሪያው ይመለሳል።

እኔም እንዲህ ሆኜ አውቃለሁ። ታይፎይድ ይዞኝ የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ጀመርኩ። ስልሳ ገጽ ያህል ሄጄ ማን ማን እንደሆነ እንኳ መለየት ስላቃተኝ ተውኩት። ከዓመታት በኋላ ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ እግሬ በጀሶ ታስሮ ስድስት ሳምንት ቤት ዋልኩ። ያኔ አካሄዴን ቀየርኩና ሁለት ከባድ መጻሕፍት ጨረስኩ። አንዱ ያው «አደፍርስ» ነበር።

በሽታ ሰዓት ይሰጣል፤ ትኩረት ግን ይወስዳል። የታመመ ሰው ሙሉ ቀን በእጁ ነው። አእምሮው ጥርት የሚልለት ግን በቀን ሁለቴ፣ ለሃያ ሃያ ደቂቃ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከታች ያለው ሁሉ ያንን አርባ ደቂቃ ማግኘትና አለማባከን ነው።

መጀመሪያ፦ ዛሬ ማንበብ ትችላላችሁ ወይ?

መጽሐፉን ከመክፈታችሁ በፊት ሰውነታችሁን ጠይቁ። ይህን በየቀኑ ጠዋት አድርጉ።

ሙቀታችሁን ለኩ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ልቦለድ አትክፈቱ። ያነበባችሁት አይያዝም፤ ትኩሳቱ ሲወርድ ያንኑ ገጽ እንደ አዲስ መጀመራችሁ አይቀርም። ያን ቀን ተኙ፣ ፈሳሽ ውሰዱ።

የምትወስዱት መድኃኒት እንቅልፍ ያመጣ እንደሆነ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። አንዳንድ የጉንፋን፣ የአለርጂና የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች ያደነዝዛሉ። የእናንተም እንደዚያ ከሆነ ንባቡን መድኃኒቱ ከሚወሰድበት ሰዓት አስቀድሙት። መድኃኒቱን ግን ለንባብ ብላችሁ ከሰዓቱ አታሳልፉ።

ጭንቅላታችሁን ተመትታችሁ ከሆነ የተኛችሁት፣ ሐኪም ሳይፈቅድ አታንብቡ። ማይግሬን ወይም የዓይን ሕመም ከሆነም ዓይናችሁን ተዉት፤ በጆሮ የሚሆነውን ከታች አስቀምጫለሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ትኩሳት ኖሯችሁ አንገታችሁ አልታጠፍ ካለና ብርሃን ዓይናችሁን ከወጋው፣ «ብዙ አንብቤ ነው» ብላችሁ አትለፉት። የማጅራት ገትር ምልክት ሊሆን ይችላል። ወዲያውኑ ሆስፒታል ሂዱ።

ደረጃ 1፦ መጽሐፉን በሕመማችሁ ልክ ምረጡ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ከባድ» የምንለው ልቦለድ ሁሉ ክብደቱ አንድ ዓይነት አይደለም። መጽሐፉ የሚከብደው በምኑ እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ።

በቋንቋው የሚከብድ አለ። «አደፍርስ» ከዚህ ይመደባል። ቃላቱ የታጨቁ ናቸው፣ ክርክሩ ረጅም ነው፣ የገጠሩ ንግግር እንዳለ ገብቷል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ በትንሽ በትንሹ ለሚያነብ ሰው ይመቻል፤ አንድ ገጽ ብቻ አንብባችሁ ብትዘጉትም አንድ ነገር ይዛችሁ ትወጣላችሁ። አልጋ ላይ ረጅም ጊዜ ለምትቆዩ ምረጡት።

በሰው ብዛት የሚከብድ አለ። የሩሲያ ልቦለዶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። የማርኬዝ «የመቶ ዓመት ብቸኝነት»ም እዚሁ ነው። ታሪኩ ራሱ ይስባል፤ የሚያደናግረው ስሙ ነው። ይሄ በወረቀትና በእርሳስ ይፈታል። ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት ሕመም እኔ መጀመሪያ የምመርጠው ይህን ነው።

በቅርጹ የሚከብድም አለ። የአዳም ረታ ሥራዎች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ራሱ «ሕጽናዊነት» ብሎ በሰየመው አጻጻፉ ታሪኩ ይበተናል፣ እንደገና ይያያዛል፣ አንዱ ጫፍ ከሌላው ጋር ሩቅ ቦታ ይገናኛል። ይህ ጭንቅላታቸው ንጹህ ሆኖ ሰውነታቸው ብቻ ለታሰረ ሰዎች ነው፦ እግር የተሰበረ፣ ከቀዶ ሕክምና አገግሞ ሕመሙ የቀለለለት። ጉንፋን ይዟችሁ አትጀምሩት። መጽሐፉም ይበደላል፣ እናንተም ትበደላላችሁ።

ከዚያ የምዕራፎቹን ርዝመት እዩ። አጭር ምዕራፍ ለታማሚ ትልቅ ነገር ነው። የቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» ውፍረቱ ያስፈራል፤ ነገር ግን ከ300 በላይ ምዕራፎች አሉት፣ ብዙዎቹም ጥቂት ገጾች ናቸው። አንድ ምዕራፍ በአንድ መቀመጫ ይሄዳል።

በመጨረሻ የእጅ ፈተናውን አድርጉ። በጀርባችሁ ተኝታችሁ መጽሐፉን በአንድ እጅ ለሁለት ደቂቃ ያዙት። ክንዳችሁ ከተንቀጠቀጠ ማረፊያ ያስፈልጋችኋል፤ ደረጃ 2 ላይ አለ።

መጽሐፉን ሌላ ሰው የሚገዛላችሁ ከሆነ፣ በተለይ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች፣ ገጾቹን አገላብጦ እንዲያይ አደራ በሉት። የጎደለ ገጽ አለ ወይ? ፊደሉ በጣም ደቋል ወይ? አልጋ ላይ ሆናችሁ ከገጽ 112 ወደ 129 የሚዘል መጽሐፍ ቢደርሳችሁ ለመቀየር የምትወጡበት እግር የላችሁም።

ደረጃ 2፦ አልጋውን አዘጋጁ

1. ሁለት ትራስ ግድግዳው ላይ አቁሙ፤ ሦስተኛውን ወገባችሁ ሥር አድርጉ። ከፊል ተቀምጣችሁ፣ ከፊል ጋደም ብላችሁ ሁኑ። ሙሉ በሙሉ በጀርባ መተኛት እንቅልፍ ይጠራል።

2. ጋቢ አራት ቦታ አጥፋችሁ ጭናችሁ ላይ አድርጉ። መጽሐፉን እሱ ላይ አሳርፉት። ክርናችሁም ጋቢው ላይ ይረፍ። ይህን ካደረጋችሁ ክንድና አንገት አይዝልም።

3. ብርሃኑ ከትከሻችሁ ጀርባ ይምጣ። መስኮት ካለ አልጋውን ወይም የምትቀመጡበትን ጫፍ ቀይሩ። ፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን የታመመ ዓይን ያቃጥላል።

4. እርሳስ ያዙ። እስክሪብቶ ወደ ላይ ተይዞ ሲጻፍበት ቀለሙ ይቋረጣል፤ ጋደም ላለ ሰው አይሆንም። እርሳስ በየትኛውም አቅጣጫ ይጽፋል።

5. አንድ ጠንካራ ወረቀት መጽሐፉ ውስጥ አስገቡ። ዕልባትም፣ የስም መዝገብም፣ መስመር መከተያም እሱ ይሆናል።

6. ውኃውን ክዳን ባለው ዕቃ አድርጉት። አጥሚትና ሻይ ከመጽሐፉ በተቃራኒ በኩል ይቀመጡ። እጃችሁ የደከመ ቀን ይደፋል።

7. ስልኩን ከእጃችሁ አርቁት። መጽሐፉ ያለው ስልኩ ላይ ከሆነ ዳታና ዋይፋይ ዝጉ፤ ፊደሉን አተልቁ። በየሃያ ደቂቃው ዓይናችሁን አንስታችሁ ራቅ ያለ ነገር ለሃያ ሰከንድ ተመልከቱ።

መብራት ቢጠፋ በሻማ አታንብቡ። አልጋ፣ ጋቢና ሻማ አንድ ላይ አይሆኑም፤ መድኃኒት የወሰደ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ያንቀላፋል። በባትሪ የሚሠራ መብራት ከሌላችሁ በዚያ ሰዓት ወደ ማዳመጥ ሂዱ።

ደረጃ 3፦ ጥርት የምትሉበትን ሰዓት ፈልጉ

በመጀመሪያው ቀን ልቦለዱን አትጀምሩ። ይህን ስል ብዙ ሰው አይስማማም፤ ጉጉቱ ያለው የመጀመሪያው ቀን ላይ ነውና። ግን አንድ ቀን ስጡት።

በየሁለት ሰዓቱ ወረቀቱ ላይ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ጻፉ። 1 ማለት «ሰው ሲያናግረኝ እንኳ ይከብደኛል»፤ 5 ማለት «እንደ ጤነኛ ነኝ»። ማታ ላይ ተመልከቱት። ሁለት ከፍ ያሉ ቦታዎች ታገኛላችሁ። የእኔ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል፣ ቁርስ ከቀመስኩ በኋላ ነበር። ሁለተኛው ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት፣ ከእንቅልፍ ስነሳ።

ከባዱን መጽሐፍ የምታነቡት በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ቀላል ነገር አንብቡ፣ አዳምጡ፣ ተኙ። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲል ከባዱን መጽሐፍ ማውጣት ያጓጓል። አታውጡት። የሌሊት ንባብ ጠዋት ሲታይ ግማሹ ሕልም ነው።

ደረጃ 4፦ የስም መዝገብ ክፈቱ

ያን ጠንካራ ወረቀት አውጡና ለሦስት ክፈሉት። በመጀመሪያው ረድፍ ስም፣ በሁለተኛው የማን ምን እንደሆነ፣ በሦስተኛው መጀመሪያ የታየበት ገጽ።

ለምሳሌ የዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት» እንውሰድ። ዋናው ሰው ሮዲዮን ሮማኖቪች ራስኮልኒኮቭ ነው። አንዱ ገጽ ላይ «ራስኮልኒኮቭ» ይባላል። ሌላው ላይ «ሮዲዮን ሮማኖቪች»። እናቱ ደግሞ «ሮድያ» ትለዋለች። ደክሞት የሚያነብ ሰው ሦስት ሰው ይመስለዋል።

ይህ ለእኛ ሊከብደን አይገባም። መካከለኛው የአባት ስም ነው፤ ሮማኖቪች ማለት የሮማን ልጅ ማለት ነው። እኛም በአባታችን እንጠራለን። የመጀመሪያ ስምና የአባት ስም አንድ ላይ ሲጠራ አክብሮት ነው፣ «አቶ እገሌ» እንደምንለው። ቁልምጫው ደግሞ የቤት ስም ነው። በቤታችሁ አንድ ሰው ስንት ስም እንዳለው አስቡና ሦስቱንም በአንድ መስመር ጻፏቸው።

የማርኬዝ ችግር ተቃራኒ ነው፤ አንድ ስም ለብዙ ሰው ተሰጥቷል። ኮሎኔል አውሬሊያኖ ቡኤንዲያ አውሬሊያኖ የሚባሉ አስራ ሰባት ወንዶች ልጆች አሉት። እዚያ ላይ ዝርዝር አይበቃም፤ የዘር ሐረግ ሳሉ። ብዙ እትሞች መጀመሪያው ገጽ ላይ አስቀምጠውላችኋል። ካለ ፎቶ አንስታችሁ ያዙት፤ በየጊዜው ወደ ፊት መመለስ አይኖርባችሁም።

«አደፍርስ» ላይ ደግሞ ከስሙ ጎን አቋሙን ጻፉ። ልቦለዱ በክርክር የተሞላ ነው። አደፍርስ የተማረው ወጣት ነው፤ ወይዘሮ አሰጋሽ የራሳቸው ዓለም አላቸው። ማን ስለ ምን ምን እንደሚያምን በአንድ ሐረግ ካልያዛችሁ ንግግሩ ጫጫታ ይሆንባችኋል። በታይፎይዱ ጊዜ የጠፋኝ ይሄ ነበር።

ማስጠንቀቂያ፦ የስም መዝገቡን ከሌላ ሰው ወይም ከኢንተርኔት አትገልብጡ። ማን እንደሚሞት አብሮ ይነገራችኋል። ደግሞ በእጃችሁ ያልጻፋችሁት ስም አይያዝም።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያዎቹን 30 ገጾች ሁለት ጊዜ አንብቡ

1. በመጀመሪያው ዙር ሳትቆሙ እለፉ። ያልገባችሁን ቃል ከሥሩ በእርሳስ ነጥብ አድርጋችሁ ሂዱ። መዝገበ ቃላት አትክፈቱ። ዓላማው ቦታውን፣ ሰዎቹንና ድምፁን መልመድ ብቻ ነው።

2. በማግስቱ ከገጽ 1 ጀምሩ። አሁን ስሞቹን መዝግቡ። ነጥብ ካደረጋችሁባቸው ቃላት ግማሾቹ በራሳቸው ገብተዋችሁ ታገኟቸዋላችሁ።

3. 30ኛው ገጽ ላይ ስትደርሱ መጽሐፉን ዝጉና ለራሳችሁ ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ፦ የት ነን? ማን ምን ይፈልጋል? ማን ይከለክለዋል? ሦስቱን ከመለሳችሁ ቀጥሉ። ካልመለሳችሁ ሦስተኛ ጊዜ አታንብቡ፤ የመጽሐፉን ጀርባና መግቢያውን እዩና ወደ ፊት ሂዱ።

ይህ ጊዜ ማባከን ይመስላል። እኔ ግን ገጽ 40 ላይ የተተዉ መጻሕፍትን ሳስብ፣ ብዙዎቹ የተተዉት እነዚህ 30 ገጾች በእንቅልፍ ልብ ስለተነበቡ ይመስለኛል።

ደረጃ 6፦ የየዕለቱ አካሄድ

አንዱ የንባብ ጊዜ እንዲህ ይሁን፦

1. ትናንት የጻፋችሁትን አንድ መስመር አንብቡ (ቁጥር 5ን እዩ)።

2. ትናንት ያቆማችሁበትን የመጨረሻ ገጽ ድገሙት። ከመሃል ዘሎ መግባት ለታማሚ አይሆንም።

3. ሃያ ደቂቃ አንብቡ። ማንቂያ ሙሉ። ደህና ነኝ ብላችሁ ብታስቡም ሲጮህ ጨርሱ። ጉልበታችሁን አሟጣችሁ ካነበባችሁ የከሰዓቱን ታጣላችሁ።

4. ነገሩ ሲጥም አቁሙ። ክርክሩ መሃል፣ በሩ ሲንኳኳ፣ ደብዳቤው ሊከፈት ሲል። የምዕራፍ መጨረሻ ላይ ካቆማችሁ የሚመልሳችሁ ነገር የለም። መሃል ላይ ካቆማችሁ ሐሳባችሁ እዚያው ይቆያችኋል።

5. አንድ መስመር ጻፉ። አንድ ብቻ። «ገጽ 87፣ እናቱ ደብዳቤ ላከች፣ እህቱ ልታገባ ነው፣ እሱ ተናዷል።» እንዲህ ያለ።

ቁጥር 5ን ሰው ሁሉ ይዘለዋል። አትዝለሉት። ትኩሳት ተመልሶ ለሦስት ቀን መጽሐፉን ሳትነኩ ብትቀሩ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

በቀን አስር ገጽ ብትሄዱ አትፈሩ። «ወንጀልና ቅጣት» እ.ኤ.አ. በ1866 መጀመሪያ የወጣው ሩስኪ ቬስትኒክ በሚባል መጽሔት በየወሩ እየተቆራረጠ ነው። የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎቹ ዓመት ሙሉ ነው የፈጀባቸው።

ደረጃ 7፦ አረፍተ ነገሩ አልገባ ሲል

በአማርኛ ልቦለድ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። ሁለቱም ለጤነኛ ቀላል፣ ለታማሚ ከባድ ናቸው።

የመጀመሪያው ግሱ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። አረፍተ ነገሩ ሲረዝም የደከመ አእምሮ እዚያ ሳይደርስ ይጥለዋል። ይህን ተመልከቱ፦

«አባቱ ከመሞቱ በፊት ያስያዘውን መሬት ለማስለቀቅ ጎህ ሳይቀድ እየወጣ ሦስት ዓመት ሙሉ ደጅ የጠናው ዳኛ በመጨረሻ ሳያየው አለፈ።»

ማን አለፈ? አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ «ልጁ» የሚል ብዙ ነው። መፍትሔው እንዲህ ነው፦ ጣታችሁን አራት ነጥቡ ላይ አድርጉ። ከእሱ በፊት ያለውን ግስ ያዙ፦ አለፈ። ከዚያ ወደ ኋላ ሂዱና ባለቤቱን ፈልጉ፦ ዳኛ። ያለፈው ዳኛው ነው። የቀረው ሁሉ የትኛው ዳኛ እንደሆነ የሚነግር ነው። አሁን ከመጀመሪያው አንብቡት። እንደ ውኃ ይወርዳል።

ሁለተኛው ወጥመድ መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን አያሳየውም። «ሽፍታው ወጣ» ሲል ጫካ የገባው ሰውዬ ነው ወይስ ቆዳ ላይ የሚወጣው? «ይመታል» መቺው ነው ወይስ ተመቺው? ዓይን ብቻውን አይለየውም። ጆሮ ይለየዋል። አንድ አንቀጽ ሁለቴ አንብባችሁት ትርጉም ካልሰጠ፣ ድምፅ አውጥታችሁ በተለያየ አነባበብ ሞክሩት። ጉሮሯችሁ ታሞ ከሆነ በሹክሹክታ። ከሦስት አንዱ በዚህ ብቻ የሚፈታ ይመስለኛል።

ይህም ካልሆነ ቃሉ ነው። ነጥብ አድርጉበትና ቀጥሉ። መዝገበ ቃላቱን የምትከፍቱት ንባቡ ካለቀ በኋላ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአምስት ቃል አይብለጥ። የደስታ ተክለ ወልድ ትልቁ መዝገበ ቃላት ከ«አደፍርስ» ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1962 ዓ.ም. ነው የወጣው፤ ለቆዩ ቃላት እሱ ይረዳል። ግን ከባድ ነው፤ ደረታችሁ ላይ አታስቀምጡት። ሰው ይያዝላችሁ ወይም ጠረጴዛ ላይ ይሁን።

ደረጃ 8፦ ጠያቂ ሲመጣ

እዚህ አገር ታሞ ብቻውን የሚውል ሰው ጥቂት ነው። ጠያቂ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ሌላ ይጨመራል። ጥርት ያለው የ10 ሰዓቱ ጊዜ ይሄዳል። ሰው መመለስ ግን አይቻልም፣ አይገባምም።

ከቤተሰቡ አንዱን አስቀድማችሁ አስረዱ። «ከ10 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል ተኝቷል በሉልኝ» ማለት ውሸት ከመሰላችሁ «ትንሽ አረፍ ብሏል፣ ቡና እስኪፈላ ተቀመጡ» ይበሉ። ጠያቂው ቡናውን ይጠጣል፤ እናንተ ሃያ ደቂቃችሁን ትጨርሳላችሁ። ዕልባቱን ማንም እንዳያነሳም ንገሩ። አልጋ የሚያነጥፍ ሰው መጽሐፉን ዘግቶ ያስቀምጠዋል፤ ወረቀቱ ይወድቃል። ስለዚህ ገጹን በወረቀቱ ላይም ጻፉት።

ከዚህ የሚበልጥ ግን አለ። ጠያቂውን ወደ ንባቡ አስገቡት። እግሬ በተሰበረ ጊዜ አክስቴ በየቀኑ ከሰዓት ትመጣ ነበር። ሰሜን ሸዋ ገጠር ነው ያደገችው። አንድ ቀን ነጥብ ያደረግኩባቸውን ቃላት ጠየቅኳት። አንዱ የቤት ዕቃ ስም ነበር። በቃል ልታስረዳኝ ሞከረች፣ አልሆን አላት። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ጠቀለለችው፣ ጫፉን በሁለት ጣቷ ይዛ «እንዲህ ይታሰራል፣ እዚህ ጋ ይንጠለጠላል» አለችኝ። ከዚያ «እስቲ ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ» አለች። አነበብኩላት። ሁለት ገጽ ሄድን። እኔ ክርክር ብቻ ያየሁበት ቦታ ላይ እሷ ሳቀች፤ ሽሙጥ ነበረበት፣ አላየሁትም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የ10 ሰዓቱን ንባብ ከእሷ ጋር አደረግኩት።

እናንተም በዕድሜ ጠና ያለ ጠያቂ ካላችሁ ነጥብ ያደረጋችሁባቸውን ቃላት አቆዩለት።

ውጭ አገር በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻችሁን ለታመማችሁ ችግሩ የሚያቋርጥ ሰው ማጣት ነው። በቀን አንዴ ለአንድ ወዳጅ ወይም ለእናታችሁ ደውሉና አንድ ገጽ አንብቡላቸው።

ነገሩ ሲበላሽ

ሦስት ገጽ ሄዳችሁ ምንም እንዳልያዛችሁ ስታውቁ፦ ወደ ኋላ የምትመለሱት ለመጨረሻ ጊዜ የገባችሁ ቦታ ድረስ ብቻ ነው። ወደ ምዕራፉ መጀመሪያ አትሂዱ። ለሁለተኛ ጊዜም ካልያዘ ሰዓቱ አልፏል፤ ዝጉት፣ ተኙ።

ትኩሳት ተመልሶ ብዙ ቀን ስታቋርጡ፦ የአንድ መስመር ማስታወሻዎቻችሁን ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ከዚያ የመጨረሻዎቹን አምስት ገጾች ድገሙ። ከገጽ 1 እጀምራለሁ አትበሉ። ያ ሐሳብ ብዙ መጽሐፍ አስትቷል።

መጽሐፉ ራሱ ሲያሳምማችሁ፦ ይሄ እውነተኛ ነገር ነው። «ወንጀልና ቅጣት» ሁለተኛው ክፍል ላይ ራስኮልኒኮቭ ራሱ ትኩሳት ይዞት ይቃዣል። አንደኛው ክፍል ላይ ደግሞ ፈረስ ሲደበደብ የሚያይበት ሕልም አለ። ደካማ ሰውነት ላይ እነዚህ ገጾች ይከብዳሉ። ልባችሁ ከመታ፣ እንቅልፍ ከነሳችሁ፣ እነሱን ለጠዋቱ ጊዜ ብቻ አቆዩ። ከእነሱ በኋላ ሰው አናግሩ። ከመተኛታችሁ በፊት አታንብቧቸው።

ዓይን ሲደክም፦ ወደ ጆሮ ሂዱ። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮታል፤ ዛሬም በስልክ ይደመጣል። መጽሐፉን ይዛችሁ እያዳመጣችሁ መስመሩን በዓይን ብትከተሉ ደግሞ መጥበቅና መላላቱን እሱ ይፈታላችኋል። ሌላ መጽሐፍ ከሆነ የያዛችሁት፣ የቤት ልጅ ያንብብላችሁ። ሲሳሳት በየቃሉ አታርሙት፤ ይተዋችኋል።

ሲሰለቻችሁ፦ ሕመም ነው ወይስ መጽሐፉ? ለሁለት ቀን ቀላል ነገር አንብቡ። እሱም ከሰለቻችሁ ሕመሙ ነው፤ ከባዱን አትውቀሱት። ቀላሉ ጥሟችሁ ከባዱ ብቻ ከሰለቸ ሃያ ገጽ ጨምሩለት። ከዚያም ካልሆነ በሌላ ቀይሩት። ከባድ መጽሐፍ መተው ነውር የለውም። በትኩሳት ቀን ተነቦ የተተወ መጽሐፍ ግን ገና አልተፈተነም፤ ስትድኑ አንድ ዕድል ስጡት።

ሳትጨርሱ ስትድኑ

ይህ በብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። ሥራ ይጀመራል፣ 150 ገጽ ይቀራል። ከሳምንት በኋላ መጽሐፉ ወደ መደርደሪያ ይመለሳል።

ሥራ ከመግባታችሁ ሁለት ቀን አስቀድማችሁ ንባቡን ከአልጋ አውጡት። ወንበር ላይ፣ በረንዳ ላይ፣ የትም። አልጋውን ብቻ የለመደ ንባብ አልጋው ሲቀር አብሮ ይቀራል። ከዚያ ከሁለቱ ሰዓቶች አንዱን ብቻ ይዛችሁ ቀጥሉ። የጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል በሥራ ሊወሰድ ይችላል፤ ማታ ከእራት በፊት ሃያ ደቂቃ አግኙለት። ማንቂያው ይሞላ። የስም ወረቀቱ እዚያው መጽሐፉ ውስጥ ይቆይ። አንድ መስመር መጻፉም አይቅር፤ 150 ገጽ በቀን ስምንት ገጽ ቢሄድ አስራ ዘጠኝ ቀን ነው።